ማንም የማይተኛበት ክፍል

በደማም ዳርቻ፣ ከተማው አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ ዓመታት ኖሬአለሁ። መንገዱ አስፋልት ነው፣ መብራቱም ውሃውም ደህና ነው። የፍሳሽ ቧንቧ ግን እስከዚያ አልደረሰም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ከጓሮው የራሱ ጉድጓድ አለው፤ እነሱ ባያራ ይሉታል። ከመጸዳጃ፣ ከማድ ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ሲሞላ ቦቴ መኪና መጥቶ ይመጥጠዋል።

የኛ ቤት ባያራ ከክፍሌ በር ፊት ለፊት ነበር። ክፍሌ የግቢውን አጥር ተደግፋ የተሠራች፣ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሣጥን ብቻ የምትይዝ፣ ከጎኗ ትንሽ መጸዳጃ ያላት ነበረች። ከበሩ ወጥቼ አራት እርምጃ ስራመድ የጉድጓዱን የሲሚንቶ ክዳን እረግጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ነበር የምተኛው። በኋላ ለመድኩት። መልመዴን ራሱ ያወቅሁት አንድ ቀን ኾባር ገበያ ውስጥ ያገሬ ልጅ አጠገቤ ቆማ፣ እኔን አየት አድርጋ፣ ቀስ ብላ ወደ ሌላው ጥግ ስትሸሽ ነው። ልብሴ ይሁን ፀጉሬ እንጃ፤ ሽታው አብሮኝ ሄዷል።

አሮጊቷን ማማ ከቢራ ነበር የምላቸው፤ ትልቋ እናት እንደማለት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሴት ነበሩ። አእምሯቸው ግን ስል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሆነው ነገር በደንብ እንዲገባ ነው። የጎረቤት ምራት በየትኛው ወር እንደወለደች፣ ሩዙ መቼ እንደተከፈተ፣ የትኛው ዘመድ ለዒድ ሳይደውል እንደቀረ፣ አንዱንም አይረሱም። ልጄን ከደሴ ወጣ ብላ ባለች መንደር ለእናቴ ትቼ ነው የመጣሁት። እኔ በሥራ ተወጥሬ ስዘነጋ እንኳ ማማ ቁርስ ላይ፣ «ዛሬ ልጅሽ ፈተና አላት አላልሽም? ደውለሽ ዱዓ አድርጊላት» ይሉኝ ነበር።

ካፊሌ፣ በስሙ ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ የሳቸው ልጅ ነው። ኾባር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል፤ አርብ አርብ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ ስልኬን አልወሰደብኝም። ቸኩሎ የሚኖር ሰው ነበር። ሻይ እየጠጣ ሰዓቱን ያያል፤ እናቱን እየሳመ ስልኩን ያያል።

ባያራውን በየሁለት ሳምንቱ የሚመጥጠው የቦቴ ሾፌር የወሎ ሰው ነው። ያወቅሁት አንድ ቀን ቱቦው አልገጥም ብሎት «ምን ነካው ደግሞ ይሄ፣ የጌታ ያለህ» እያለ በአማርኛ ሲያጉረመርም በማድ ቤቱ መስኮት ሰምቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ቀዝቃዛ ውሃና ቴምር በሳህን አወጣለታለሁ። እሱም ሳህኑን ሲመልስ ስለ አገር አንድ ሁለት ወሬ ያካፍለኛል። «እህት ዓለም» ነበር የሚለኝ።

አንድ ጠዋት መጣና ቱቦውን ሳይዘረጋ በሩ ላይ ቆመ።

«ዛሬ አልመጥጥም» አለኝ።

«ምነው? ሊሞላ እኮ ነው።»

«በለዲያው፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሕግ አጥብቋል። ፈቃድ ከሌለው ባያራ የመጠጠ ቦቴ ይያዛል። እናንተ ደግሞ ፈቃድ የላችሁም።»

«ለጉድጓድ ፈቃድ?»

«ለጉድጓድ። ጉድጓዱ አያፈስም፣ ውል የያዘ ቦቴ አለው፣ ከሰው መኝታ የራቀ ነው የሚል ወረቀት።» ይህን ሲል ክዳኑን አየ፤ ከዚያ በሬን አየ። እኔ ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም።

ለካፊሌ ደወልኩ። «ሙሽኪላ የለም፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ። ሳምንቱ አለቀ። እንደገና ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ነበር። አርብ ሲመጣም ነገርኩት፤ በስልኩ የሆነ ነገር ከፈተና ዘጋው።

ባያራው ሞላ። ከግቢው ሁሉ ዝቅ ያለችው የኔ መጸዳጃ ስለነበረች መጀመሪያ የመለሰው በኔ በኩል ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ወለሉ ላይ ጥቁር ውሃ ቆሞ አገኘሁ። በባልዲ እየቀዳሁ ከአጥሩ ውጪ አሸዋ ላይ ደፋሁ፤ ሲመሽ ተመልሶ ሞላ። ከዚያ በኋላ ውሃ መቆጠብ ጀመርን። ልብስ ማጠብ ተወሁ። ማማ ለሶላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ ከታች ሳፋ አስቀምጬ ውሃውን ለቴምር ዛፉ እወስዳለሁ። ሳህን ያጠብኩበትንም እንዲሁ። ቢሆንም ጉድጓዱ አልጎደለም። ክዳኑ ዳር ዳሩን ማላብ ጀመረ፤ ዝንቡም በላዩ እንደ ጥቁር ጨርቅ ተነጠፈ።

በአራተኛው ቀን ማማ ውሃ የማይጠጡ ሆኑ። መድኃኒታቸውን በምራቃቸው ሊውጡት ሲታገሉ አየሁ። ብርጭቆውን ባቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ማማ፣ ይጠጡ እንጂ። ከንፈርዎ ደረቀ።»

«አልጠጣም። ከጠጣሁ መጸዳጃ እሄዳለሁ። አንቺ ደግሞ ያንን በባልዲ ትቀጂዋለሽ። በመስኮት አይቼሻለሁ።»

«ሥራዬ ነው ማማ።»

«ይሄማ ሥራ አይደለም» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ።

ያን ቀን ለካፊሌ ደውዬ አለቀስኩ። አለቅሳለሁ ብዬ አልነበረም፤ «እናትህ ውሃ መጠጣት አቆሙ» ስል ድምፄ ተሰበረ። በዚያው ሰዓት ከሥራ ወጥቶ መጣ። ግቢው ውስጥ ሲገባ የሻሹን ጫፍ አፍንጫው ላይ ያዘ። ክዳኑን አየ፣ የኔን መጸዳጃ አየ፣ ገብቶም የእናቱን ከንፈር አየ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ተንቀሳቀሰ።

የቤቱ ካርታ በስልኩ ተላከ። የቦቴው ውል ተፈረመ። የቀረው የግቢው ንድፍ ነበር። ለዚህም አል ጀለዊያ ካለ አንድ ቢሮ አንድ ወጣት መሐንዲስ መጣ። ሜትሩን ሲዘረጋ የሚይዝለት ሰው አልነበረም፤ «ነይ፣ ያዢልኝ» አለኝ። እኔ የሜትሩን ጫፍ በክፍሌ በር ላይ ይዤ ቆምኩ፤ እሱ ወደ ክዳኑ ሄደ። ብዙም አልሄደም።

«ይቺ ክፍል ምንድን ናት?» ሲል ካፊሌን ጠየቀው።

«የሠራተኛዋ።»

«እንግዲያው አይሆንም። ለመኝታ ክፍል ርቀቷ አይበቃም። ወይ ባያራው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይቆፈራል፣ ወይ ይቺ መኝታ አትሆንም።»

ካፊሌ ስልኩን አየት አደረገ። ከዚያ፣ «መጋዘን ብለህ ጻፋት» አለ።

እኔ የሜትሩን ጫፍ እንደያዝኩ ነበር። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ስለቀራሁ የዓረብኛ ፊደል አነባለሁ፤ እነሱ ይህን አያውቁም። ወጣቱ በእስክሪብቶ ሲጽፍ በዓይኔ ተከተልኩት። ሙስተውደዕ። መጋዘን። መጸዳጃዬን ጭራሽ አልሣላትም።

ካፊሌ ከመሄዱ በፊት ማድ ቤት መጣና በሩን ገርበብ አደረገው። «ዕቃሽን አውጪ። ከበለዲያው ሰው መጥቶ እስኪያይ ድረስ ነው፣ ሦስት ቀን። እናቴ ክፍል ትተኛለሽ። ከጠየቀሽ ማንም አይተኛባትም በዪው።»

«እሺ» አልኩ።

ሊወጣ ብሎ ተመለሰ። «ፈቃዱ ካልወጣ ቤቱን እዘጋዋለሁ። እናቴንም ወደኔ እወስዳለሁ። እኔ ቤት ደግሞ ሁለት ሠራተኛ አለ።» ኹሩጅ የሚለውን ቃል፣ የመጨረሻ የመውጫ ወረቀቱን፣ አልጠራም። እኔ ግን ሰማሁት። ልጄ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም፤ የእናቴ ዓይን ሁለቱም መጋረድ ጀምሯል። ምን ይዤ እመለሳለሁ?

በማግሥቱ አልጋዬን ፈታታሁ። ፍራሼን ወደ ማማ ክፍል ወሰድኩ። በምትኩ የሩዝ ከረጢት፣ የድሮ ምንጣፍ፣ የሟች ባላቸውን ሰፋፊ ወንበሮች እየጎተትኩ ከተትኩባት። እስከ ቀትር ሞላች። በሩ ላይ ቆሜ ሳያት ሰው የኖረባት አትመስልም ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት በግማሽ ቀን አወጣሁት። ማማ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ።

«ልጅዎ ዕቃ ሊያስቀምጥባት ፈልጎ ነው ማማ።»

«አንቺስ?»

«እርስዎ ጋ ነኝ።»

ደስ ያላቸው መሰለኝ። የፈቃዱን ነገር አልነገርኳቸውም። ልጃቸውም አልነገራቸውም። ቢነገራቸው ኖሮ የኋላው ላይደርስ ይችል ነበር፤ ወይም ደግሞ ይብስ ነበር፣ አላውቅም።

ተቆጣጣሪው በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ መጣ። ፂሙ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ለማማ ሰላምታ ሰጠ፣ ስለ ጤናቸው ጠየቀ። ከዚያ ክዳኑን አስከፍቶ በባትሪ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ዳር ዳሩን በጫማው መታ መታ አደረገ። ወደ ክፍሌ ሲሄድ ካፊሌ ቀደም ብሎ በሩን ከፈተለት። «መጋዘን ነው።»

ሰውየው አንገቱን አስገብቶ ተመለከተ። ሊመለስ ሲል ዓይኑ ከበሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ቆመ። እኔም አብሬው አየሁ። ልጄ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ እዚያ ለጥፌው ነበር። ሁሉን ሳወጣ በሩ ሸፍኖት ረስቼዋለሁ።

«ይቺ ማን ናት?»

«የሠራተኛዋ ልጅ ትሆናለች» አለ ካፊሌ።

«ሠራተኛዋ የት ነው የምትተኛው?»

«እናቴ ጋር።»

በዚህ ጊዜ ከማድ ቤቱ በር የማማ ድምፅ መጣ። «እዚያው ነው የምትተኛው። ከመጣች ጀምሮ።» ሁላችንም ዞርን። ወንበራቸውን በራሳቸው እጅ እየገፉ ደፉ ድረስ መጥተዋል። «በበጋ ሽታው እንዳይገባባት በሩ ሥር ጨርቅ ትወትፋለች። አንተን፣ ራቅ አድርገህ ክፍል ሥራላት ብዬሃለሁ እኮ። አምናም ብዬሃለሁ፣ ዘንድሮም ብዬሃለሁ።»

ካፊሌ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ጉንጩ ላይ ብቻ ነበር። የሰውየውን ክርን ያዝ አድርጎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናቴ ትረሳለች። ዕድሜ ነው» አለው።

ሰውየው ወደኔ ዞረ። ለባዕድ በሚነገር ቀስ ያለ ዓረብኛ፣ ዓይኔን እያየ፣ «አንቺ፣ እዚህ ትተኛለሽ?» አለኝ።

ካፊሌ እኔን አላየኝም። ክዳኑን ነበር የሚያየው። ማማ ግን ያዩኝ ነበር፤ ምን እንደምመልስ የሚያውቅ ሰው እንደሚያይ ተረጋግተው።

«ማፊ፣ የለም» አልኩ። «ማንም አይተኛም። ማማ ይረሳሉ።»

ማንም አይተኛም እንድል ታዝዣለሁ። ማማ ይረሳሉ እንድል ግን ማንም አላዘዘኝም። ያቺን ከራሴ ነው የጨመርኳት፤ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ።

ማማ እጆቻቸውን አዩ። ከዚያ ወንበሩን ለማዞር ሲታገሉ ጎማው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ፤ ሮጬ ልረዳቸው ስል አትንኪኝ ብለው እጃቸውን አነሱብኝ። ተቆጣጣሪው ጥቂት ጻፈ። አመነን ብዬ አላስብም። ሊወጣ ሲል የልጄ ፎቶ አንዱ ጥግ ተነሥቶ ነበርና በአውራ ጣቱ መልሶ ጫን አደረገው።

ፈቃዱ በሳምንቱ ወጣ። ካፊሌ አሳትሞ በላስቲክ ሸፍኖ አመጣልኝ፤ ለሾፌሩ እንዳሳየው። ቦቴው መጣ፣ ቱቦው ተዘረጋ፣ ሞተሩ ረጅም ሰዓት ጮኸ። ክዳኑ ደረቀ። ሾፌሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «አንቺ አሁን የት ነው የምትተኚው?» አለኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

አላጽናናኝም። «የኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ፣ እረኛ ነው የሚለው» አለኝ። «እዚህ አገር በግ ያየሁት ተቀቅሎ ነው። ወረቀት ላይ የሌለነው ብዙ ነን፣ እሱ አይግረምሽ። የአሮጊቷ ግን ሌላ ነው። እሳቸውን ዐፍው ይበሉኝ ብለሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ሳይመሽ።»

ቤት ውስጥ ማማ ዝም ብለው ነበር። ተቆጥተው ያኮረፉ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ እየቆጠሩ በከንፈራቸው የሚሉትን ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ዚክር አልነበረም። የወንድሞቻቸውን፣ የእህቶቻቸውን፣ የልጆቻቸውን ስም ከላይ እስከ ታች ይደረድራሉ። ሲጨርሱ የሞቱትን ይቆጥራሉ። ከዚያ የጎረቤቱን። ራሳቸውን እየፈተኑ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሳነሳ እጄን ይዘው፣ «ትናንት ምን በላሁ?» አሉኝ።

«ሩዝ በዓሣ ማማ።»

«አዎ፣ ሩዝ በዓሣ» አሉና ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

መቻል አቃተኝ። ሳህኑን አስቀምጬ ከወንበራቸው ሥር ተንበረከክኩ። «ማማ፣ አልረሱም። እዚያ ነበር የምተኛው። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ለምን?»

«ወደ አገሬ እንዳይመልሰኝ ፈርቼ።»

«እና እኔ እብድ ብባል ይሻላል አልሽ።»

እጃቸውን ልስም ስል ሳቡት። ቆይተው ግን፣ «ለልጄ ንገሪው» አሉኝ። «እናትህ አትረሳም በዪው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ ማማ» አልኩ።

አርብ መጣ። ካፊሌ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት፤ ማማ ከትሪው በላይ አዩኝ። አልተናገርኩም። በልቤ፣ ዛሬ የቸኮለ ይመስላል፣ በሚቀጥለው እነግረዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው አርብ ልጆቹን ይዞ መጣ፤ በልጆች ፊት አይሆንም አልኩ። ማማ ያን ጊዜም አዩኝ። በሦስተኛው አርብ አላዩኝም።

ካፊሌ በበኩሉ አንዴ የተናገረው ቃል ራሱን ሳያስጨንቀው አልቀረም፤ ወይም ትረሳለች ያለውን እውነት ሊያደርገው ፈለገ። እናቱን ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። እኔም ወንበሩን እየገፋሁ አብሬ ገባሁ። ሐኪሟ፣ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? አሁን ያለነው የት ነው?» እያለች ትጠይቃቸዋለች። ማማ መልሱን ያውቁታል፤ ጠዋት መኪና ውስጥ ስለ ቀኑ ነግረውኛል። ግን አልመለሱም። ልጃቸውን እያዩ ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀመጡ። ሐኪሟ ጻፈች። ክኒን ታዘዘ።

ክኒኑ ያስተኛቸው ነበር። የቀትሩ የዝሁር ሶላት የሚያመልጣቸው ቀን መጣ፤ በዚያ ቤት ያንን አይቼ አላውቅም። በወራት ውስጥ የጎረቤቷን ምራት ልጅ ስም ሳቱ። ከዚያ ቴምሩን ማን እንደተከለው ሳቱ። ዕድሜ ነው ይሉኛል፤ ሊሆን ይችላል። ክኒኑ ይሁን፣ ልባቸው ተሰብሮ ይሁን፣ ሊመጣ ያለ ነገር ቀኑ ደርሶ ይሁን እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ይረሳሉ ያልኩት ገና ሳይረሱ መሆኑን ነው።

ወደ ክፍሌ አልተመለስኩም። ሦስቱ ቀን አንድ ዓመት ሆነ፤ ዕቃው እዚያው ቀረ። እውነቱን ለመናገር የማማ ክፍል የተሻለ መኝታ ነበር። ቀዝቃዛ አየር አለው፣ ሽታ የለውም። ይሄ ምቾት ራሱ ያሳፍረኝ ነበር።

በመጨረሻ ካፊሌ ደማሙን ቤት አከራይቶ እናቱን ወደ ኾባር ወሰዳቸው። የፈራሁት መጣ ማለት ነው። ግን አልመለሰኝም። ማማ ከኔ እጅ በቀር ከማንም እጅ መብላት እምቢ ብለው ነበርና፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። እኔን እዚያ ያቆየኝ የሳቸው ሕመም ነው።

አንድ አርብ ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ኒስፍ አልቀመር፣ ወረደ። ልጆቹ ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቁ እኔና ማማ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ነፋሱ ዓባያቸውን እያነሳ ያስቸግራቸዋል፤ በጉልበታቸው ላይ ይዤላቸው ነበር። ባሕሩን ፀጥ ብለው ያያሉ። ከኛ በቀር ማንም እንደሌለ ሳይ፣ «ማማ፣ ዐፍው ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ለምኑ?»

«በደማሙ ቤት ዋሽቼብዎት ነበር።»

«የቱ ቤት?» አሉኝ። ልነግራቸው ጀመርኩ፤ ባያራው፣ ሰውየው፣ ክፍሉ። ሐሳባቸው መሐል ላይ ጠፋ። ጉንጬን እንደ ሕፃን መታ መታ አድርገው፣ «ዐፍው ብያለሁ ልጄ። አላህም ይበልሽ» አሉ። ቀጥለውም የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። የተበደለው ሰው በደሉን ሳያውቀው ይቅር ቢል፣ ይቅር የተባለው ምኑ ነው?

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አንድ ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ አልነቁልኝም። ያው በዚያው ቀን ተቀበሩ። ሦስት ቀን ሐዘንተኛ ሲገባ ሲወጣ ሻይና ቡና ሳቀርብ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ካፊሌ የእናቱን ዕቃ እንድለይ አዘዘኝና እሱም መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልብሳቸውን እያጣጠፍኩ ነበር። እጄ ሥራ ላይ ስለነበረ መሰለኝ አፌ የተፈታው።

«ማማ አይረሱም ነበር» አልኩት። «ያን ጊዜ፣ የበለዲያው ሰው የመጣ ቀን። እንድነግርህ አዘውኝ ነበር። አልነገርኩህም።»

ሙስበሃቸውን ከትራሱ ሥር አንስቶ በእጁ ላይ ጠቀለለው።

«አውቃለሁ» አለ። «መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከመሳቢያው ውስጥ የተረፉትን ክኒኖች አወጣሁ፣ በትንሽ ከረጢት ቋጥሬ ሰጠሁት። ተቀብሎኝ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከሳሎን ልጆቹ ጠሩት። ሰዓቱን አላየም፣ ስልኩንም አላወጣም። እኔ የቀሩትን ልብሶች አጣጥፌ እስክጨርስ እዚያው ተቀምጦ ቆየ።